ተዝካሩ ተበልቶ የተመለሰ ሰው
(ቢቸናና ሞጣ ከድል በኋላ)

የጦርነት ታሪክ ጸሐፊዎች ሥራቸውን በድል ቀን መፈጸም ይወዳሉ። ጠላት ሲወጣ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ ንጉሥ ወደ መናገሻ ከተማው ሲገባ ታሪኩ ያበቃል። በእኛም አገር የአምስቱ ዓመት ወረራ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ላይ ይቆማል። ነገር ግን በዚያች ቀን ማግስት በዱር የሰነበተው፣ በስደት የነበረው፣ በጠላት ወህኒ የታሰረው ሁሉ ወደ ቀየው መመለስ ነበረበት። በቀየው ማን እንደ ጠበቀው፣ በምን ዓይን እንደ ታየ፣ የተወውን እርሻና ቤት በማን እጅ እንዳገኘው የሚናገር ገጽ ግን እምብዛም አይገኝም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለማየት ያሰብነው ይኸንኑ የመመለስን ነገር ነው፤ ስፍራውም ምሥራቅ ጎጃም፣ ይልቁንም ቢቸናና ሞጣ ነው።

ቢቸና ከዓባይ ሸለቆ በላይ በደጋው ላይ ያለች አገር ናት፤ ማዶዋ ወሎና ሸዋ ነው። ሞጣ ከጮቄ ተራራ በስተ ሰሜን ትገኛለች፤ የእርሷም ማዶ በጌምድር ነው። በሁለቱ መካከል ደብረ ወርቅ አለች። አገሩ የሊቃውንት አገር ነው፤ በቢቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስ፣ በሞጣም የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል የተከሉት የጊዮርጊስ ደብር ይገኛሉ። ጠላት በገባ ጊዜ በደብረ ማርቆስ፣ በቢቸናና በሞጣ ምሽግ ሠራ። ሕዝቡም ጥቂት ጊዜ ነገሩን ሲመለከት ቆይቶ በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በሞላው ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ጣሊያን ምሽጉንና መንገዱን ይዞ፣ ዐርበኛው ቆላውንና ተራራውን ይዞ፣ ገበሬው በሁለቱ መካከል ሆኖ ሦስት ዓመት አለፈ። ቀን ለጠላት የገበረ ሰው ሌሊት ለዐርበኛ ስንቅ ያወጣ ነበር። ይህን ነገር አንባቢያችን በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነውና።

ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚያሻግረው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይም በዚያው በጦርነቱ ዘመን አንዱ ቅስቱ ፈረሰ። ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። መንገደኛው ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በተሰበረው ክፍል ላይ በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። ወደ አገር መመለስ በእግር መንገዱ እንኳ ምን ያህል እንደ ከበደ ለማወቅ የሚሻ ሰው ያን ገመድ ያስታውስ።

ድሉ የመጣው ፈጥኖ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ወሰን ተሻግረው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። የሞጣም ምሽግ በዚሁ ወራት እጁን ሰጠ። ከደብረ ማርቆስ የሸሸው የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ዓባይን ተሻግሮ ግንቦት 15 ቀን አጊባር ላይ ተማረከ። በመሻገሪያው ላይ ይህን ጦር ይወጋል ተብሎ የተጠበቀው የቢቸናው ዐርበኛ በላይ ዘለቀ ነበር፤ እርሱ ግን ሳይወጋው አሳለፈው። ምክንያቱንም በዘመቻው የነበሩ የእንግሊዝ መኰንኖች ሲጽፉ፣ ጠላትን ሲያገለግሉ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ስለ ገቡለት ነው ይላሉ። እውነቱ እንዲህ ከሆነ፣ የድል ወራት ሳይፈጸም ሰው ሁሉ ስለ ነገው ቤቱ ማሰብ ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም።

እንግዲህ ተመላሾቹ እነማን ነበሩ? አንዱ ወገን ዐርበኛው ነው። ሁለተኛው ስደተኛው ነው፤ ኢየሩሳሌም፣ ሱዳን፣ ኬንያ፣ ጅቡቲ የነበረው። ሦስተኛው እስረኛው ነው፤ በአዚናራ ደሴት፣ በሶማሊያ ዳናኔ፣ በዳህላክ ኖኩራ ከርሞ በሕይወት የተረፈው። አራተኛውም ከአገር ሳይወጣ ከጠላት ጋር የቆየውና ድል ሲሆን ከምሽጉ ወደ ዘመዶቹ የተመለሰው ባንዳ ነው። እነዚህን ሁሉ የተቀበላቸው ግን አምስተኛው ወገን፣ ማለት ቀየውን ለቆ ያልሄደው ገበሬ ነበር።

ጊዜው ደግሞ ክፉ ጊዜ ነበር። ድል የሆነው በሚያዝያ ነው፤ ቀጥሎ ግንቦትና ሰኔ ይመጣሉ። በዚያ ወራት መሬትን ያረሰ ሰው ዓመቱን ይበላል፤ ያላረሰ ዓመቱን ይለምናል። ሰላም በጥቅምት መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ አዝመራው ሳይሰበሰብ ማንም ማንንም ከእርሻው አይነቅለውምና፣ ሽማግሌዎች ለመታረቂያ ብዙ ወራት ባገኙ ነበር። ተመላሹ ግን በሰኔ ደጃፍ ደረሰ፤ ጥያቄውም በዚያው ሳምንት መልስ የሚሻ ሆነ።

አንድ ሰው እናስብ። በደብረ ወርቅና በሞጣ መካከል ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ የሚኖር ባለርስት ነው እንበል። በ1930 ዓ.ም. ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ። በሬዎቹ ተወሰዱ፤ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ አገር ሄደች። መሬቱን የአጎቱ ልጅ አረሰው። በሦስተኛው ዓመት ሰውየው ዓባይ ቆላ ውስጥ ሞተ የሚል ወሬ መጣ። የአጎቱ ልጅ አለቀሰ፤ ካህናት ጠርቶ አስፈታ፤ በአርባው ቀን እህል አስፈጭቶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ላም አርዶ ተዝካሩን አበላ። ሚስትም ወራቷን ቆጥራ ሌላ አገባች። ከዚያም በ1933 ሰኔ ሙቷል የተባለው ሰው ጠጉሩን እንዳጐፈረ በበሩ ቆመ።

እንግዲህ ፍረዱ። ለተመላሹ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ለአገሩ ሲል ያጣውን ይጠይቃል። የአጎቱ ልጅም የሚለው አለው። የመሬቱን ግብር ለጭቃ ሹሙ የከፈለ እርሱ ነው። ቀን በጠላት ሌሊት በዐርበኛ እየተዘረፈ ቤቱን ያቆመ እርሱ ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ ተዝካሩን አብልቷል፤ በአገሩ ልማድ ደግሞ የሙት ነፍስ ያስፈታና ተዝካር ያወጣ ሰው በውርስ ላይ የሚሰማ ቃል አለው። ባዳ አይደለም፤ ዘመድ ነው፤ አልቅሶለታል። ያን ጊዜ ካለቀሰበት ዕንባ ቅንጣት ውሸት ላይኖርበት ይችላል። ሰውየው በሕይወት ሲመጣ ግን ደስታውን የሚያደፈርስ አንድ ሐሳብ ከልቡ ይነሣል፤ ያንንም ሐሳብ አውጥቶ ስለማይናገረው በሌላ ስም ይጠራዋል። «ሽፍታ ነበር እንጂ ዐርበኛ አልነበረም» ይላል፤ ወይም «እርሱ ሱዳን ሲበላ እኛ እዚህ ነድደናል» ይላል። ተመላሹም በበኩሉ «ባንዳ» ብሎ ይመልሳል።

የጎጃምን የርስት ሥርዓት ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ቃል መጨመር ያስፈልጋል። በዚያ አገር ርስት በአባትም በእናትም ይወረዳል። መሬቱን መጀመሪያ ያቀና ዋና አባት አለ፤ ከእርሱ የሚወለድ ሁሉ፣ ወንድ ቢሆን ሴት፣ ድርሻ አለኝ ሊል ይችላል። ባለመብቱ ቢርቅም መብቱ በርቀት አይጠፋም፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት የሕግ ያህል ይሠራ ነበር። ይህ ሥርዓት ድኻውን ከመሬት እንዳይነቀል የጠበቀ ትልቅ ጋሻ እንደ ነበረ አንክድም። ነገር ግን በእጁ መሬት ያለ ሰው ሁሉ፣ በሩቅ ካለ ዘመዱ ዘወትር የሚሠጋ እንዲሆን አድርጎታል። ባዳን ማባረር ቀላል ነው። በአያት ቆጥሮ የመጣን ወንድም ግን ማባረር አይቻልም፤ የሚቻለው መጥላት ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የምስክር ነገር ተጨመረ። ከድል በኋላ መንግሥት ዐርበኛን ከስደተኛ፣ ሁለቱንም ከባንዳ መለየት ነበረበት። በ1936 ዓ.ም. ለዐርበኛ አንድ ሜዳይ፣ ለስደተኛም አንድ ሜዳይ ተደነገገ፤ በጥብጣቡ ላይ የሚደረገው ዘንባባ ዓመታቱን ይቆጥራል። «የውስጥ ዐርበኛ» የሚባል ሌላ ስምም ነበረ፤ ከጠላት መካከል ተቀምጦ ወሬና ጥይት ለዱሩ ያቀበለ ሰው ማለት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ አንገታቸውን የሰጡ ነበሩ፤ ስሙን ግን የማይገባው ሰው ሊለብሰው ቀላል ሆነ። የውስጥ ዐርበኛነትን የሚያረጋግጠው የጎረቤት ቃል ነው፤ ጎረቤቱም በመሬት የሚሟገተው ሰው ነው። ቀን ገብሮ ሌሊት ስንቅ ላወጣው፣ ከሁለቱም ወገን ለተገረፈው ገበሬ ግን የተሠራ ሜዳይ አልነበረም።

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ ቀን ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘው ነበር። ትእዛዙ ብዙ ደም እንዳይፈስ ማድረጉ ለክርክር አይቀርብም። ሆኖም ለበቀል እንጂ ለርስት መልስ አልነበረውም።

ይህ ጠባይ የጎጃም ብቻ እንዳይመስለን ዓይናችንን ለአፍታ ወደ ውጪ እንመልስ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በፖላንድ ከ3 ሚሊዮን በላይ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ ከናዚ ግድያ የተረፉት ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ናቸው። እነዚህ ከካምፕ፣ ከጫካ፣ ከሶቭየት አገር ወደየከተማቸው ሲመለሱ ቤታቸውንና ሱቃቸውን ሌላ ሰው ይዞት አገኙ። ከብዙዎቹ ተመላሾች የተሰማው ምስክርነት አንድ ዓይነት ነው፤ ጎረቤት በሩን ከፍቶ የጠየቃቸው «ገና በሕይወት አላችሁን?» ብሎ ነበር። በክራኮው ነሐሴ 5 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በስሎቫኪያ ቶፖልቻኒ መስከረም 14 ቀን 1938 ዓ.ም. ሕዝብ ተነሥቶ መታቸው። ከሁሉ የከፋው በኬልሴ ከተማ ሰኔ 27 ቀን 1938 ዓ.ም. የሆነው ነው። አንድ ትንሽ ልጅ ከቤቱ ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ አይሁድ በምድር ቤት ዘግተውብኝ ነበር አለ። የተባለው ቤት ግን ምድር ቤት የሚባል ነገር አልነበረውም። ይህን ማንም ሰው ወርዶ ሊያየው ይችል ነበር፤ ሕዝቡና ወታደሩ ግን ሳያይ ገደለ። የሞቱት 42 ናቸው። ከዚያ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ አይሁድ ፖላንድን ለቀው ሄዱ።

እኛ ኬልሴንና ቢቸናን በአንድ ሚዛን ልናስቀምጥ አንሻም። እዚያ አንድ ሕዝብ ከነዘሩ ሊጠፋ ተፈርዶበት ነበር፤ ተመላሾቹም መቃብር እንኳ የሌላቸው ዘመዶች ቅሬታ ነበሩ። በጎጃም እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፦ ሞተ ተብሎ ንብረቱ የተከፋፈለበት ሰው በሕይወት ሲገኝ መገኘቱ ራሱ ክስ ይሆናል። አንድ ቃል ሳይናገር በበሩ ቢቆም እንኳ ከሶአል። ልዩነቱም በዚያው ይታያል። በኬልሴ ተመላሹን ያባረሩት «ባዕድ ነህ» ብለው ነው፤ በቢቸናና በሞጣ ተመላሹ የተፈራው ዘመድ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ እዚያ ነገሩ በስደት ሲፈጸም፣ እዚህ በፍርድ ቤት ተጀመረ።

ከጎጃም ሰዎች መካከል ወደ ቀዬ መመለስን ያልሞከሩም ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን እስራት ሲመለሱ የተሾሙት በበጌምድር ላይ ነበር። ከእርሳቸው ጋር የተማረከው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ቅኔ የተማረው ሐዲስ ዓለማየሁም ከእስር በኋላ በውጭ ጉዳይ ሥራ ገብቶ በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆነ። ከአውሮፓ የተረፉት አይሁድ የፍልስጥኤምን ወደብ ሲያንኳኩ በነበረበት በዚያ ዘመን አንድ የጎጃም እስረኛ በኢየሩሳሌም መቀመጡ ያስገርመናል፤ አልፈነው እንሂድ።

የበላይ ዘለቀን ነገር ግን አናልፈውም። በጎጃም ሰው አፍ በላይ «አንቱ» ተብሎ አይጠራም፤ እኛም ማዕርጉን ሳንንቅ እንደ አገሩ ልማድ እንጠራዋለን። የልጅነት ዕድሜው በጎጃምና በወሎ ተከፍሎ እንዳለፈ፣ አባቱ ዘለቀ ላቀው ከተገደሉ በኋላም እንደ ሸፈተ ይነገራል። ስለዚህ ጠላት ሲገባ ዱሩን ያውቀው ነበር። ከመሳፍንት ወገን አልነበረም፤ ኃይሉንም ያገኘው ከትውልድ ሳይሆን ከተከተለው ሰው ነው። በዱር ሳለ ለጓደኞቹ ራስና ደጃዝማች እያለ ማዕርግ ይሰጥ ነበር። ድል ሲሆን እነዚያ የዱር ማዕርጎች ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ የቀልድ ጥያቄ አልነበረም፤ በማዕርጉ የተጠራ ሰው አምስት ዓመት ሞቶበታልና። መንግሥትም የጎጃምን ገዥነት ለንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወገን ለሆኑት ለራስ ኃይሉ በለው ሰጠ። በላይም ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን ተቀበለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃው ይሆናል፤ እርሱን አልበቃውም። ወገኖቹ በሹመት እንደ ተበደሉ፣ ከጠላት ጋር የሠሩ ሰዎች ከእነርሱ በላይ እንደ ተቀመጡ ያምኑ ነበር፤ በዚያ ዘመን በብዙ ክፍለ ሀገር የተሰማ ቅሬታ ነው። መንግሥትም በበኩሉ መዝገብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገው ነበርና ያገኘውን አሠራ። ይህን በመንግሥት ላይ ብቻ መጫን ፍርድ ማጓደል ይመስለናል፤ የበላይም ጠባይ ለሰላም ጊዜ አስተዳደር የተመቸ አልነበረም። ያም ሆነ ይህ በላይ ከመንግሥት ጋር ተጣላ፤ ወደ ሶማ ተራራ ወጥቶ ተዋጋ፤ በመጨረሻው እጁን ሰጠ። የሞት ፍርድ ተፈርዶበት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት። ከእስር ቤት ለማምለጥ ሞክሮ ተያዘ። በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ ከወንድሙ ከእጅጉ ዘለቀ ጋር ተሰቀለ።

በዚያው ቀን አብሮት የተሰቀለው የራስ ኃይሉ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበር፤ በወረራው ዘመን ለጠላት ጦር የመራ ሰው። በጦርነቱ ዓመታት እነዚህ ሁለት ሰዎች ቢገናኙ በጠመንጃ ነበር የሚነጋገሩት፤ እስር ቤት ግን አገናኛቸው፤ የማምለጥን ምክር አብረው መከሩ፤ ሞቱም በአንድ እንጨት ሆነ። በቢቸና ያለ አንድ ዐርበኛ ይህን ወሬ ሲሰማ ምን እንዳሰበ መገመት አያስቸግርም። ከጎጃም ዐርበኞች አለቆች ሌላው ቢትወደድ ነጋሽ በዛብህ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰው ነበር፤ እርሳቸውም በ1943 ዓ.ም. በሤራ ተከሰው ታሰሩ።

በቀየው ያለው ገበሬ ደግሞ ሌላ ተመላሽ ይጠብቅ ነበር፤ ይኸውም ገመድ ይዞ የሚመጣውን የመንግሥት መሬት ለኪ ነው። በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጆች ሲወጡ ጎጃም መሬቴ አይለካም ብሎ ተነሣ። መሬት ከተለካ ርስቴ ይወሰዳል የሚለው ሥጋት፣ ከዘመድ ተመላሽ ሲሠጋ ለኖረ ሰው የታወቀ ሥጋት ነበር። መንግሥትም ልኬቱን ትቶ በቀድሞው የግብር ልክ ተስማማ። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ግን ነገሩ እንደ ገና ተቀሰቀሰ። ሞጣና ቢቸና ከዐመፁ ዋና ስፍራዎች ነበሩ፤ መንግሥት የጦር አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ። በኋላም ገዥው ተለወጡ፤ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብርም ተማረ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በ1933 የተጀመረው የወንድማማች ክስ በየፍርድ ቤቱ ይቀጥል ነበር። ከዋና አባት ጀምሮ የትውልድ ሐረግ እየተቆጠረ፣ በሽማግሌ እየታረቀ፣ እንደ ገና እየፈረሰ፣ አባት ሲሞት ልጅ እየተረከበ ሄደ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ የርስት ክርክር ሕጋዊ መሠረቱ ጠፋ። በዚያን ቀን ተዝካር ያበላውና ተዝካሩ የተበላለት ሰው፣ ሁለቱም በሕይወት ካሉ፣ የሚሟገቱበት ነገር አልቀረላቸውም።